ባላባት ያልነበሩት አያቴ

ቀበና ወንዝ አጠገብ አሮጌ ቪላ ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማንነታችንን በጨርቅና በክር እንድንፈልግ የሚያስተምረን አንድ ወጣት ሠዓሊ ነበር። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው፤ ይህንንም እንድንረሳው ፋታ አይሰጠንም። "ጋይስ፣ ክር ሜሞሪ አለው። ዝም ብላችሁ ሊስን አድርጉት" ይለናል ዓይኑን ጨፍኖ። እኛም ከየቢሯችን የተሰበሰብን ደመወዝተኞች ክሩን ወደ ጆሯችን አስጠግተን እናዳምጣለን። እኔ አንድም ነገር ሰምቼ አላውቅም። ከኋላዬ የምትቀመጠው የባንክ ሠራተኛ ግን ሰምታ አለቀሰች።

በትምህርቱ ማብቂያ ላይ ኤግዚቢሽን ይኖራል ተባለ። እያንዳንዳችን ከቤታችን የቆየ ጨርቅ አምጥተን፣ ፎቶም ቆዳም እንጨትም ደባልቀን "የመጣሁበት" የሚል ሥራ እንድንሰፋ ታዘዝን። ብዙም ሳይቆይ ክፍሉ በባላባት ተጥለቀለቀ። የባንክ ሠራተኛዋ አያት ደጃዝማች ሆኑ፤ ለማስረጃ ከስጦታ ዕቃ መደብር የገዛችውን ጭራ ከፋይ ላይ ሰፋችው። ጉርድ ሾላ ሕንፃ የሚያከራየው ሰውዬ በእናቱም በአባቱም በኩል ፊታውራሪ አወጣ። ዝምተኛው የፊዚክስ መምህር እንኳ፣ እሱ ይሻላል ያልኩት፣ ጎራዴ ጠለፈ። ይህ ሁሉ ሰው የባላባት ዘር ከሆነ የዚህን አገር መሬት ማን አረሰው? ሸክላውን ማን ሠራ፣ ቆዳውንስ ማን ፋቀ? ጠይቄያለሁ። አስተማሪያችን "ኔጌቲቭ አትሁኚ" አለኝ።

የእኔ አያት ሸማኔ ነበሩ፤ የእናቴ አባት። ከላምበረት መናኸሪያ በጠዋት የተሳፈረ ሰው ማታ በሚደርስባት ትንሽ ከተማ፣ እግራቸውን መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ከተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያለብሱ ኖሩ። ያለበሱት ሰው ደግሞ "ቁጢት በጣሽ" እያለ ይሰድባቸው ነበር። ዓይናቸውም ይፈራል፤ ልጅ የታቀፈች ሴት በደጃቸው ስታልፍ የልጇን ፊት ትሸፍን ነበር። እናቴ አዲስ አበባ መጥታ ስታገባ ለአባቴ ዘመዶች "አባቴ ነጋዴ ነበሩ፣ ሞተዋል" አለች። አባቴ እውነቱን እያወቀ ዝም ብሎ ኖሮ ዝም ብሎ ሞተ። ዘመዶቹ እስከ ዛሬ አያውቁም።

እናቴ ከአባቷ የቀራት አንድ ነጠላ ነው። ሳይጨርሱት ስለሞቱ ከመሥሪያው ላይ ተቆርጦ የወረደ ነው፤ ግማሹ ተሠርቷል፣ ግማሹ ገና ያልተሸመነ ድር ነው። ስጠይቃት ሳትከራከር ከሳጥኗ አውጥታ ሰጠችኝ። እንደ ሌሎቹ ጌጥ አልለጠፍኩበትም። መወርወሪያቸውን ከድሩ ጋር አሰርኩና ከሥሩ በቀይ ክር "ሸማኔ" ብዬ ጠለፍኩ። የማን አባት እንደሆኑ አልጻፍኩም፤ ያንን መናገር የእናቴ ፈንታ ነው።

"ከፈለግሽ ትናገሪያለሽ፤ ካልፈለግሽ ይቅር" አልኳት ለመክፈቻው ስጋብዛት።

"አክስትሽንም ይዣት እመጣለሁ" አለች።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሰው ስትተዋወቅ ከጤንነቱ በፊት ዘሩን ትጠይቃለች። እሷን ካመጣች እናቴ ልትናገር ቆርጣለች ማለት ነው ብዬ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አጣሁ። እናቴ አንድ ጊዜ፣ ሰው ፊት፣ አንገቷን ሳትደፋ "አባቴ ናቸው" ስትል ለመስማት የማልሰጠው ነገር አልነበረም።

በመክፈቻው ቀን አስተማሪያችን አብዛኞቹ ሥራዎች የተሰፉባቸውን ነጠላዎች በሙሉ ጥለታቸውን ወደ ላይ አድርጎ ሰቀላቸው። ከለሩ ዓይን ፊት መሆን አለበት አለ። ያዘነ ሰው ነጠላውን እንደሚያዘቀዝቅ፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ እንደሚያወጣ፣ ከዚያ ሁሉ የደጃዝማች የልጅ ልጅ አንዱንም ትዝ አላለውም። እናቴንና አክስቴን ከአጥር በር ተቀብዬ ሳስገባቸው ሁለቱም ደንግጠው ቆሙ።

"ማን ሞቶ ነው?" አለች አክስቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ማንም አልሞተም ማዘር፤ አርት ነው፣ ይግቡ" አላት አስተማሪያችን።

አክስቴ ገብታ ሹማምንቱን አንድ በአንድ አደነቀች። ከባንክ ሠራተኛዋ ጋርማ ዝምድና ሊያወጡ ምንም አልቀራቸውም። ሁለቱም የሚዋሹ ይመስለኛል፤ እንዲያ ሲተቃቀፉ ሳይ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ከዚያ እኔ ሥራ ጋ ደረሱ። አክስቴ ጽሑፉን አነበበችና ፊቷን አጨፈገገች።

"ሸማኔ?" አለች። "ምነው ልጄ፣ እንደዚያ ያለ የአባት ዘር እያለሽ የሰው ሸማኔ ትሰቅያለሽ?" ወደ እናቴም ዞራ "የማን ነው ይሄ?" አለቻት።

እናቴ ነጠላውን አየችው። ልትናገር አፏን ከፈተች።

"የሰፈራችን ሰው ነበር" አለች።

"ማን ይባላል?"

"ረሳሁት።"

አክስቴ ራሷን ነቅንቃ ወደ ጎራዴው አለፈች። እናቴ እኔን ላለማየት ተከተለቻት። በሰው ደጃዝማች ስስቅ የከረምኩት ሴትዮ ለእናቴ የሚሆን ንቀት ፈልጌ አጣሁ። ቅድም ዘበኛው በር ላይ ሙሉ ስሟን ሲጠይቃት አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከነአባቷ ስም ጥርት አድርጋ ነግራው ነው የገባችው።