ካራና ጭልፋ

ጎልፍ እጫወታለሁ ስል ሰው ሁሉ አረንጓዴ መስክ ነው የሚታየው። ኤጭ! ጅቡቲ ውስጥ ሣር የሚገኘው ሀብታም ግቢ ነው፤ እሱም ጠዋት ማታ ውሃ ሲጠጣ የሚውል፣ ከሰው በላይ የተከበረ ሣር። የኛ ሜዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ድንጋይና አቧራ ነው። ኳስ የምትገባበት ጉድጓድ ዙሪያ ያለውን አሸዋ ንፋስ እንዳይጠርገው በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይለውሱታል። ያ ዘይት ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ በጫማዬ ይዤው ቤት እገባና ቁርሴን ያስጠላኛል። ቁራዎቹ ደግሞ እንቁላል ይመስላቸው ወይ እንዲሁ ክፋት ይሁን እንጃ፣ ኳሱን ከመሬት ለቅመው ይዘው ይበራሉ። አርብ አርብ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ የምሄደው እንግዲህ ወደዚህ ጉድ ነው።

ያስለመዱኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምላቸው የምሠራበት የትራንዚት ቢሮ አለቃ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። እኔ የኢትዮጵያን ዕቃ ከወደብ የማስወጣ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከጉምሩክና ከሾፌር ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ። አንድ ቀን ስልክ ላይ ስጮህ ሰምተውኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ንዴትሽን ሜዳ ወስደሽ ብትደፊው ይሻላል፤ እዚህ ሁላችንንም ልትጨርሽን ነው» አሉኝ። በሳምንቱ ይዘውኝ ሄዱ።

ከወዲያ ከወዲህ የተለቃቀሙ ዱላዎች ሰጡኝ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ የአንዱ እጀታ በፕላስተር የተጠቀለለ። ጎልፍ ላይ ሀንዲካፕ የሚባል ነገር አለ፤ ደካማ ተጫዋች ስንት ምት እንደሚታለፍለት የሚናገር ቁጥር ነው፣ ሰው ሲሻሻል ይወርዳል። የኔ ሰማይ የነካ ነበር። በነዚያ ውራጅ ዱላዎች እየወረደ እየወረደ መጣና፣ የሚያኮራ ባይሆንም ሰው ፊት የሚነገር ሆነ። ያኔ ነው የራሴን ብረቶች ልግዛ ያልኩት። ብረት የምንለው ኳሷን ከመሬት አንስቶ ወደ ጉድጓዱ የሚያስጠጋውን፣ ጭንቅላቱ ከብረት የተሠራውን ዱላ ነው።

ሰው ይሄን ቅብጠት ይለው ይሆናል፤ ይበል። እኔ በዚህ ከተማ የመረጥኩት አንድም ነገር የለም። ጋቦዴ ያለውን ቤቴን የመረጠልኝ ቢሮው ነው። ጋቦዴ ነው የምኖረው ስል ደግሞ፣ እስር ቤቱ እዚያ ስለሆነ፣ ሁሉም «መቼ ተፈታሽ?» ብሎ ይስቃል፤ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀልድ! አልጋውን፣ ፍሪጁን፣ የእጣቢ ቀለም ያለውን መጋረጃ ሳይቀር ቢሮው ነው የገዛው። የዓመት ዕረፍት የምወጣበትን ወር እንኳ የሚወስንልኝ መርከብ ነው። አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ በእጄ መዝኜ «ይሄ የኔ ነው» ልል ፈለግኩ።

ብረት ልገዛ ነው ብዬ በተናገርኩ በሳምንቱ ጋሼ የራሳቸውን ብረቶች ይዘውልኝ መጡ።

ወጣት ሳሉ ከአንድ የመርከብ ካፒቴን የገዟቸው ናቸው። እንደ ካራ የሳሱ፣ ጀርባቸው ለጥ ያለ፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳዩ ብረቶች። እያንዳንዳቸው የሱፍ ካልሲ ለብሰዋል፤ በዚህ ምድጃ ከተማ የሱፍ ካልሲ የሚለብሱት እነሱ ብቻ ናቸው። ድንጋይ ነክተው አያውቁም። የኛ ሜዳ ሕግ እንዲህ ነው፦ ኳሳችን በነጭ ቀለም በተቀቡት ድንጋዮች መካከል ካረፈች፣ ይዘን የምንዞረውን ቁራጭ ምንጣፍ ዘርግተን እሱ ላይ አስቀምጠን እንመታለን። ከዚያ ከወጣች ግን ካረፈችበት ነው የምትመታው፤ ድንጋይ መሀል ከሆነም ድንጋይ መሀል። ለዚህ ሲባል ሁላችንም ቦርሳችን ውስጥ ማንም የማያዝንለት አንድ አሮጌ ብረት አለን። የድንጋይ ዱላ እንለዋለን። ድንጋይ ሲመታ ድምፁ ጥርስ ያንገጫግጫል።

«ያንቺ ይሁኑ» አሉኝ ጋሼ። «እኔ ጨርሻለሁ። እጄ ከድቶኛል።»

የጣቶቻቸው አንጓ አብጧል። ኳስ አጥርተው ከመቱ ከርሟል። ሲስቱ ብረቱን አይቆጡም፤ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው እያዩ «አንተ የማትረባ!» ይሉታል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ብረቶቹን ከተቀበልኩ ጋሼ ሜዳ መምጣታቸው አበቃ ማለት ነው። እኚህ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቬንትሌተር ሲዞር እያዩ ሊውሉ ነው። እንቢ ካልኩ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የሳሱለትን ነገር ፊታቸው ላይ መመለሴ ነው። «እስቲ ልሞክራቸው» ብዬ ይዤ ገባሁ።

ጋሼ ከቀሩ እኔ የምቀረው ከሁለት ሰዎች ጋር ነው። ስለነሱ ካልተናገርኩ ያመኛል። አንዱ ጎማ ነጋዴ ነው። ስለ ዓለም ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ኦሪጅናል ነው?» የትናንት ጫት ጥርሱ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ደርቆ በማለዳ ፊቴ ላይ ሲያወራ ያቅለሸልሸኛል። ሌላው ባንክ የሚሠራ ሰውዬ ነው። ሰው የልጆቹን ፎቶ እንደሚያሳየው እሱ ስልኩ ላይ የብረት ፎቶ ያሳያል። ሁለቱም ቀጫጭን፣ የሻምፒዮን የሚባሉ ብረቶች አሏቸው፤ ሁለቱም በሻምፒዮን ብረት ነው የሚስቱት። ኳሳቸው ወደ ጎን ጥንቸል ይመስል ትሮጣለች። እነሱ ግን ብረቱን በፎጣ ወልውለው፣ ብርሃን ላይ አዙረው አይተው፣ ተደስተው ይመልሱታል።

የጋሼን ስጦታ ሲሰሙ አበዱ። «በነፃ! ምን ዕድለኛ ነሽ!»

«አይመታልኝም እኮ» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ያ ካራ የመሰለ ብረት መሀሉ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቦታ አለችው፤ ኳሷ እሷን ካላገኘች ንዝረቱ እስከ ክርኔ ድረስ ኮረንቲ ነው።

«ታድጊበታለሽ» አለኝ የባንኩ ሰውዬ።

ታድጊበታለሽ! ልጅ ሳለሁ ለትምህርት ቤት የሚገዛልኝ ጫማ ሁሌም ሁለት ቁጥር ይበልጠኝ ነበር። ታድጊበታለሽ እየተባልኩ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ተጠቅጥቆልኝ እግሬን እየጎተትኩ ዓመቱ ያልቃል፤ ጫማው ልክ ሊሆነኝ ሲል ያልቃል። አሁን ጉልበቴ ቁጭ ብድግ ስል በሚንቋቋበት ዕድሜ ታድጊበታለሽ! ጎማ ነጋዴው ደግሞ ሊያስታርቀን ፈልጎ «ካልሆነ የሴት አለ፣ ሮዝ አለው» አለ። በስመ አብ! ደሜ ፈላ። አፌን ከፍቼ የምለውን ብል ኖሮ ዛሬ ጎማ አይሸጥም ነበር።

ካምሲን የሚባለው ትኩስ ንፋስ ሳይጀምር፣ ተራቸው ያለቀ ፈረንጅ ወታደሮች ዕቃቸውን ሸጠው የሚሄዱበት ሰሞን ነበር። ከፍሪጅ ጀምሮ እስከ ድመት ሳህን ሁሉ ይሸጣል። የአንዱ ሚስት ምኒልክ አደባባይ ካለ ካፌ ቀጠረችኝና የባሏን ብረቶች አሳየችኝ። መልካቸውን ሳይ እጅ እጅ አለኝ። ወፍራም፣ ቂጣቸው የሰፋ፣ ጀርባቸው የጎደጎደ፣ እርጉዝ ነገር። ቀና ብዬ ሰው እያየኝ እንዳይሆን ዞር ዞር አልኩ። ግን ብረት በቁጥር ነው የሚለየውና፣ ሰባት ቁጥሩን አንስቼ እጄ ላይ ሳስቀምጠው አንድ ነገር ገባኝ። መሀሉ ተጎድጉዶ የወጣው ክብደት ወደ ዳር ዳሩ ሄዷል። መሀሉን ብስት እንኳ ዳሩ ሊያግዘኝ ነው። ታችኛው ወፍራም ስለሆነ መሬት ገብቶ አይቀረቀርም። ሴትዮዋ የዋህ ናት፤ «ሰባቱን ውሰጂና አርብ ሞክሪው፣ ቅዳሜ ትነግሪኛለሽ» አለችኝ።

አርብ ሆነ። ጋሼ ባዶ እጃቸውን መጡ። ቦርሳ የለ፣ ምንጣፍ የለ። ልብሳቸው እንኳ የሜዳ ልብስ አይደለም፤ የለበሱት ለቅሶ የሚደርሱበትን ነጭ ሸሚዝ ነው። «ላይሽ ነው የመጣሁት» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ምንጣፌን ዘርግቼ በካራው መታሁ። ኮረንቲ። ደግሜ መታሁ፤ ኳሷ መሬት ለመሬት እየዘለለች ሄደችና ቁራ ተከተላት። ሁለቱ ሰዎች አጨበጨቡ። አዎ፣ አጨበጨቡ! «ድምፁን ሰማችሁ? ኦሪጅናል እኮ ነው!» አለ ጎማ ነጋዴው። የዘይቱ ሽታ፣ የጫቱ ጥርስ፣ ጭብጨባው፣ ሁሉም ነገር አንድ ላይ አንገሸገሸኝ።

«ጋሼ፣ አልወስዳቸውም» አልኩ። ድምፄ ከፈለግኩት በላይ ጮኸ። «እኔ እንደነሱ ለታይታ መሳት አልፈልግም። እርስዎም ቤት እንዲቀሩ አልፈልግም። ይኸው ነው!»

 ጋሼ ከነጮቹ ድንጋዮች በአንዱ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። ቅር ሲላቸው እንደዚያ ናቸው። የባንኩ ሰውዬ «አሳዘንሻቸው» አለኝ በሹክሹክታ፣ እኔ ያላየሁ ይመስል። ወፍራሙን ሰባት ቁጥር ከቦርሳዬ መዝዤ መታሁ። መሀሉን አላገኘሁትም፤ ተሰምቶኛል። ኳሷ ግን ተነስታ ሄደች። ትንሽ ዘንበል ብላ፣ ግን ሄደች፣ የሄደችበትም ታየ።

ጋሼ ዞረው አዩ። ኳሷን አይደለም፣ ብረቱን።

«ይቺ ጭልፋ ናት እንጂ ብረት ናት?» አሉ። ፊታቸው የበሰበሰ እንቁላል የከፈተ ሰው ፊት ሆነ። «ሹሮ የሚማሰልባት! ከየት ነው ያመጣሻት? አስጠሊታ!»

«አንድ ጊዜ ይምቱባት፤ ከዚያ እንደፈለጉ ይስደቧት።»

«እጄ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ አያውቅም።»

«አፈር ስሆን ጋሼ፣ አንድ ጊዜ።»

የተነሱት ዝም እንድል ብለው ነው። ያበጡትን ጣቶች አንድ በአንድ እጀታው ላይ አሳረፉ፤ የመጨረሻዋ ጣት አልታጠፍ አለችና ተዉአት። ዱላውን ግማሽ ያህል እንኳ ወደኋላ አልወሰዱትም። መቱ። ምቱ ጥሩ አልነበረም፤ በብረቱ ጫፍ ነው ያገኟት። ኳሷ ግን ብድግ አለች። ነጮቹን ድንጋዮች መሀል ለመሀል ይዛ ሄዳ ከኔዋ አልፋ አረፈች።

ማንም አላጨበጨበም። ጋሼ ኳሷ ያረፈችበትን ሳይሆን የራሳቸውን እጅ ነበር የሚያዩት። ገለበጡት፤ መለሱት።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እጄን ነው የሰደብኩት።»

«ኦሪጅናል ነው?» አለ ጎማ ነጋዴው።

 ወደ ቀጣዩ ጉድጓድ ሄድን፤ ጋሼ እጃቸውን እያዩ ከጎኔ ይራመዳሉ። ንዴቴ በርዶ ፍርሃት ተተካ። ምን ብዬ አስያዝኳቸው? ጨዋታውን በሰላም ሊተዉት ነበር። አሁን ግን የባከነውን ጊዜ ሁሉ በልባቸው እያሰሉት እንደሆነ ከአረማመዳቸው ያስታውቃል። እዚያ ስደርስ በዚሁ ሐሳብ ተይዤ በወፍራሟ መታሁና ኳሴ ከመስመር ወጥታ ድንጋይ መሀል ገባች። የድንጋይ ዱላዬን ልመዝ ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ስከት ጋሼ «ቆይ» አሉኝ።

ከሰጡኝ ካራዎች መሀል ሰባት ቁጥሩን አወጡ። ካልሲውን አወለቁ።

«ጋሼ፣ በማርያም፣ ተዉ!»

አልሰሙኝም። ድንጋዮቹ መሀል ቆመው መቱ። ጥርሴን አንገጫገጨኝ። ኳሷ ከአቧራና ከጠጠር ጋር ተፈናጥራ ሜዳው ላይ ወጣች። ብረቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት፤ ያ መስታወት የመሰለ ፊቱ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ጭረት ወጥቷል። የባንኩ ሰውዬ የተመታው እሱ ይመስል ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ አለቀስኩ፤ በጣም ነው ያስጠላኝ፣ የብረቱ ድምፅም፣ ማልቀሴም።

ጋሼ ካራውን ያለ ካልሲ፣ ከድንጋይ ዱላዬ ጎን ቦርሳዬ ውስጥ ወረወሩት። ካልሲውን ግን በእጃቸው ያዙት። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ያቺን ወፍራም ሰባት ቁጥር ከእጄ ወስደው፣ ባበጡት ጣቶቻቸው እየታገሉ ካልሲውን ጎትተው ጎትተው አለበሷት፤ ጠበባት፣ ግን ገባ።

«ነገ ግዢያቸው» አሉኝ። «ለሚመጣው አርብ እኔም እመታባታለሁ። ፊቷን እንዳላይ ግን እስከዚያው እንደተሸፈነች ትቆይ።»