የፀጉር አስተካካዩ «ሰው»

ፀጉር አስተካካዩ ፈሪ ነው፤ ፈሪነቱን ግን ጨዋነት ይለዋል። ሱሪ ሲገዛም፣ በሩን ቀለም ሲያስቀባም፣ ሚስቱ ጮክ ብላ ስትስቅም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ሰው ምን ይላል?» ይህ ሰው የሚባለው ፍጡር የት እንደሚኖር ግን ጠይቆ አያውቅም። ቢጠይቅ ሩቅ ባልሄደ! የሰፈሩ ሐሜት የሚቦካው እዚያው እሱ ሱቅ፣ ከተሰነጠቀው መስታወት ፊት ነው። የልብስ ሰፊው ልጅ ከባሏ ስትለያይ «ድሮም አመሏ አላማረኝም» እያለ ወሬውን ለየደንበኛው ያደለው ማን ሆነና? ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ቤቱ ይገባና ስለ ሰው ክፋት ያወራል።

የመጨረሻ ልጁ የከተማ አውቶቡስ ለመንዳት ተፈትና አለፈች። ስንት ለፍታበታለች! ሰኞ ሥራ ልትጀምር ነው።

«አይሆንም» አላት። «እኔስ ግድ የለኝም፤ ሰው ምን ይላል?»

«ማን አባዬ? እስቲ አንድ ሰው ጥራልኝ።»

«ኅብረተሰቡ!» አለ፣ ትልቅ ቃል ሲያገኝ እንደ ልማዱ ድምፁን ወፈር አድርጎ።

ልጅቱ ኅብረተሰቡን ፍለጋ በማግስቱ ሱቁ መጣች። ተራ የሚጠብቁትን አንድ በአንድ ጠየቀች። ሥጋ ሻጩ «እኔ በበኩሌ ደስ ነው የሚለኝ፤ ግን እንግዲህ ሰው…» ብሎ ጡረተኛውን መምህር አየ። መምህሩም «እኔማ ምን አገባኝ፣ ሰው ነው እንጂ» ብለው ልብስ ሰፊውን አዩ። ልብስ ሰፊው ወንበሩ ላይ ነው፤ ግማሽ ጢሙ ተላጭቷል።

«ሌላውን አላውቅም» አለ። «በኔ ልጅ ጊዜ ግን ሲያወራ የነበረው ሰው ይኸው ምላጭ ይዞ ቆሟል።»

ቅንጣት ሐፍረት ያለው ሰው እዚህ ላይ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወዳል። እሱ ሳቀ። «ሰማሽ አይደል? ሁሉም ‹ሰው› ነው የሚሉት» አላት።

«አባዬ፣ አንተ ዝም ካልክ ሌላው ምንም አይልም» አለች ልጅቱ። «ሰኞ እስከ ጋራዡ ሸኘኝ። አብረን ካዩን በቃ።»

ሰኞ የሸኘቻት እናቷ ናት። እሱ ሱቁን ከወትሮው ቀድሞ ከፈተ።

ረፋድ ላይ አውቶቡሱ ከሱቁ ፊት ለፊት ቆመ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እንግዳ ደንበኛ በመስታወቱ አይቶ «ሴት ናት እኮ የምትነዳው! ጎበዝ!» አለ። ሥጋ ሻጩና መምህሩ ቀና ብለው ፀጉር አስተካካዩን አዩት። ክፉ ሊናገር አፉን የከፈተ አልነበረም፤ እሱ የሚለውን ሊሉ ነው የሚጠብቁት። «ልጄ ናት» ቢል ያጨበጭቡ ነበር። እሱ ግን ሰው ሳይቀድመው ሊቀድም ቸኮለ።

«አሳዳጊ የበደላት!» አለ።

ሥጋ ሻጩ ጥቂት አመነታና «እውነትም» አለ። መምህሩም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያቺ ቃል ከሱቁ ወጥታ ሰፈሩን ዞረች። ፀጉር አስተካካዩ ወደ ቤቱ ሲገባ ቀድማው ደርሳ ኖሮ፣ ሚስቱን ስታለቅስ አገኛት።

«ልጃችንን አሳዳጊ የበደላት አሏት» አለችው።

«ማን አለ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ሰው ነዋ!»

ኮቱን አውልቆ ሰቀለና፣ ከልቡ አዝኖ፣ «አላልኩሽም ነበር?» አላት።