ካርዱ በእኔ ኪስ ቀረ

ማንበብ የተማርኩት ልጆች ወልጄ፣ ጀርባዬ በባቡር ጣቢያ ጆንያ ከተላጠ በኋላ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ በዕድሜ ልጄ የምትሆን አስተማሪ ፊት ተኮራምቼ ፊደል ቆጠርኩ። የምስክር ወረቀት ሲሰጡኝ ሰው ሆንኩ አልኩ። ጅል ነበርኩ። የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ቀበሌው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሰፈርተኛው እኔን ጠራ። ጣቴን ከፊደል ወደ ፊደል እየገፋሁ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። በዘር ስለሚተላለፍ የደም ሕመም ትምህርት ይሰጣል። ሐኪም መጥቶ ደም ይመረምራል። ከዚያ ለመድኃኒት መግዣ መዋጮ የሚሰበሰብበት የእግር ጉዞ ከመጋላ ሰፈር እስከ ከዚራ ሰፈር ይደረጋል። ወጣቶች በሙሉ እንዲገኙ፤ የቀረ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም። ከሥር የታመመ የደም ቅንጣት ተስሏል፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ።

"ወላሂ፣ ማጭዱ ደማችን ውስጥም ገባ በሉኛ!" አለች ሳምቡሳ ሻጯ ጎረቤታችን። "መዶሻውስ የት ቀረ አቦ?"

ሁለት ሰው ሳቀ። የቀረው ማን እንደሰማ ለማየት ዞር ዞር አለ።

እኔ አልሳቅኩም። ታናሽ ወንድሜ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አጥንቱን ያመዋል። ሲነሳበት ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ጉልበቱን አቅፎ ምጥ እንደያዛት ሴት ይጮኻል። ቁርዓን ተቀርቶበታል፣ ወጌሻ አሽቶታል፤ የሕመሙን ስም የነገረን ግን የለም። ያን ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ደርሶ ነበር። አፈሳው ሲብስ እናቴ ሐርላ ገጠር፣ ዘመድ ቤት ደበቀችው። ሐኪም ታማሚ ነው ብሎ ከጻፈለት መደበቁ ይቀራል፤ ቤቱ ይገባል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

"አታምጣው" አለች እናቴ። "ወጣቶች በሙሉ ነው እንዴ የሚታመሙት?"

"ሐኪም ይመጣል ይላል እኮ እማ። ተጽፏል!"

"ማን ጻፈው?"

ቢሆንም ሄጄ አመጣሁት።

ዕለቱ ደርሶ ቀበሌው ግቢ ድንኳን ተተከለ፣ ከበሮ ተመታ። አንድ የውጭ አገር ሐኪም ከወንድሜ ጣት ደም ወስዶ በማጉያ መሣሪያው ሲያየው ቆየ። ከዚያ ለነርሷ ዝግ ብሎ ተናገረ። እሷ ካርድ ላይ ጻፈች፣ ማኅተም መታች።

"ሕመምህ ይሄ የተሳለው ነው" አለችው። "ካርዱን ኪስህ ያዘው።"

ወንድሜ ፊደል አይቆጥርም። ለእኔ ሰጠኝ። "እስቲ አንተ አንባቢው፣ ምን ይላል?"

እኔ የለመድኩት የመጽሐፍ ፊደል ነው። የነርሷ እጅ ጽሑፍ እንደ ጉንዳን መንገድ ተጠላለፈብኝ። አልችልም ማለት ሞት መሰለኝ። ፊሽካ ተነፋ፤ ወጣት ከፊት፣ ሽማግሌና ሴት ከኋላ እንዲሰለፍ ታዘዘ።

"ሂድ አንተ፣ አንብቤ እነግርሃለሁ" አልኩት።

እየሄድኩ አነበብኩ። "ከ-ባ-ድ ሥ-ራ..." ከፊት መፈክር ይጮኻል። ደቻቱ ወንዝ ድልድይ አፍ ላይ ስንደርስ መፈክሩ ቆመ። ቀና አልኩ። ከድልድዩ ማዶ ሸራ የለበሱ የጭነት መኪናዎች ተደርድረዋል። አብዮት ጠባቂዎች ወጣቱን አንድ በአንድ እየያዙ፣ ካርድ ያለውን ወደ ግራ ይገፋሉ፣ የሌለውን ወደ መኪናው። ወንድሜ ኪሱን ዳበሰ። ሌላውንም ዳበሰ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ እኔን ፈለገ።

ሰው እየገፈተርኩ ሮጥኩ፤ ሳልደርስ መኪናው ላይ ጫኑት። ጠባቂው ካርዱን ተቀብሎ ገልብጦ ያዘው፤ ማኅተሙ ቁልቁል ሆነ።

"የማን ነው?"

"የወንድሜ! ያ ነው፣ መኪናው ላይ!"

"እሱ ባዶ እጁን ነው። የታመምከው አንተ ነህ?"

"ላንብብልህ ጓድ። ከባድ ሥራ አይሥራ፣ አይሩጥ፣ ውሃ አብዝቶ..."

ካርዱን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ መልሶ ከተተና በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "ጎበዝ። ዘመቻው አንባቢ አወጣልን" አለ።

"ካርዱን! አንተ፣ ካርዱን!" ይላል ወንድሜ ከሸራው ሥር። ድምፁን የሞተሩ ጩኸት ዋጠው።

ካርዱን ይዤ ለሳምንታት ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። ሁሉም አነበቡት፤ ሁሉም መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

ክረምቱ ሳይወጣ ቀበሌ ጠሩኝና ወረቀት ሰጡኝ። ማሠልጠኛው ውስጥ፣ ሩጫ ላይ ወድቆ አልተነሳም ይላል። በታይፕ የተመታ ነበር፤ ጣቴን ሳላስጠጋ ጨረስኩት።

ቤት ገብቼ ለእናቴ አነበብኩላት። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ሳምቡሳ ሻጯን ልካ የሰፈሩን መምህር አስጠራች። እንደገና አስነበበችው። የእኔን ንባብ አላመነችም።