ለሚካኤል የሰጠኋት ልጅ

ሲይዙኝ ሽንኩርት እየለቀምኩ ነበር። በሰው አገር፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ካለው ሱቄ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገብተው «ማዳም፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ» አሉኝ። አምስት ደቂቃዋ ሃያ ሦስት ቀን ሆነች።

ጥፋቴ ደብዳቤ ነው። ያለ ፍርድ ስለታሰሩ ሰዎች የተጻፈ ደብዳቤ ላይ ስድስት ሆነን ከሱቄ ጀርባ ባለው ጓዳ ፈርመን ነበር። ማን እንደጠቆመ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ያን ቀን ከእኛ ሌላ ወደ ጓዳው ብቅ ያለችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ሃያብለ ሰፈር አንድ መኮንን ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ አርብ አርብ ቲማቲም ልትገዛ የምትመጣ። የመኮንን ሠራተኛ! ሌላ ማን ይሆናል?

ክፍሉ ለአራት ሰው ቢበቃ ነው፤ እኛ ስምንት ሴቶች ነበርን። ግድግዳው እጅ ያቃጥላል። ጠባቂዋ መግቢያው ላይ «ገመድ ክልክል ነው» ብላ የአንገቴን ማተብ በጠሰችው። እስሩን ችዬው ነበር፣ ይሄን ግን አልቻልኩም። ወደ ምሥራቅ ዞሬ፣ ልጅቷን በስሟ ጠርቼ ለቅዱስ ሚካኤል ሰጠኋት። «አንተ ፍረድባት፣ የእጇን ስጣት» አልኩ። ይሄ በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። የተበደለ ሰው በዳዩን ለታቦት ከሰጠ ፍርዱ የሰማይ ነው። ክሱን ማንሳት የሚችለውም ያው የሰጠው ሰው ነው።

በአምስተኛው ቀን በሩ ተከፈተና እሷን ገፍተው አስገቧት።

ፊቷ አብጧል፣ በትኩሳት ትንቀጠቀጣለች። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። አቤት ሚካኤል ሲፈጥን፣ አልኩ በልቤ።

«እትዬ!» ብላ እግሬ ሥር ወደቀች። «እርስዎንም አመጡዎት? እኔ እኮ ስምዎን አልተናገርኩም!»

«የምን ስም?»

«ማን ማን ፈረመ አሉኝ። ጌታዬ ናቸው ያስያዙኝ፣ እርስዎ ሱቅ እንደምመላለስ ያውቃሉ። ቲማቲም ልገዛ ነው የሄድኩት አልኳቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ቲማቲም፣ ቲማቲም አልኩ።»

እኔን ያለ ማስረጃ አሰሩኝ እያልኩ ስጮህ፣ እሷን ያለ ማስረጃ ከስሼያት ነበር፤ ያውም ይግባኝ ወደሌለው ችሎት። ያ ትኩሳት ከእኔ አፍ የወጣ መሰለኝ። በእኔ ጦስ ትሞታለች ብዬ ፈራሁ።

በአገራችን ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። እዚያ ድንጋይ ከየት ይመጣል? የነበረን የሁላችንም የቀን ውሃ ያለበት ቢጫ ጄሪካን ነው። አንስቼ ጫንቃዬ ላይ አደረግኩትና ሴቶቹ ሁሉ እያዩ ፊቷ ተንበረከክኩ።

«ኧረ እትዬ፣ ምን ሆነዋል? ውሃው!»

«ጠቆመችብኝ ብዬ ለሚካኤል ሰጥቼሻለሁ፣ ልጄ። በሐሰት። ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይኝ።»

እምቢ ብትል አልፈርድባትም ነበር።

«ሲመቱኝ እኮ እርስዎን ነበር የማስበው» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «ይቅር ለእግዚአብሔር። አሁን ያውርዱት፣ ይደፋል።»

ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። «አንስቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የምትፈርደውን በእኔ ላይ ፍረድ» አልኩ። ከዚያ የነጠላዬን ጫፍ በራሴ ድርሻ ውሃ አርሼ ግንባሯ ላይ አደረግኩላት። የተባባልነው ያልገባት ሶማሌ እስረኛ ተነሥታ ከበሩ ሥር ያለውን፣ ትንሽ ነፋስ የሚገባበትን ቦታዋን ለቀቀችላት።

ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቃት። ሚካኤል ይሁን ውሃው አላውቅም።

ዛሬ ልጅቷ ሱቄ ውስጥ ነው የምትሠራው። ቲማቲም ልትመዝን ስትል ዓይን ለዓይን ከተጋጨን ሁለታችንም እንስቃለን፣ ደንበኛው ግራ ይገባዋል። ማን እንደጠቆመብኝ ግን እስካሁን አላወቅሁም።

አሁንም ሰው ሲበድለኝ ታቦቱ ፊት ቆሜ አለቅሳለሁ። በደሉን አንድ በአንድ እናገራለሁ። ስም ላይ ስደርስ ግን አፌን እይዛለሁ፤ እሱ ያውቀዋል።