ከብልቃጡ ላይ የላጥኩት ወረቀት

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ሰሜን ለንደን ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ የአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ አገኘሁ። የላብራቶሪው ኃላፊ፣ አንዲት እንግሊዛዊት፣ በልምምድ መዝገቤ ገጾች ሁሉ ላይ ካልፈረመች ዲግሪውን ብይዝም በሙያው መሥራት አልችልም። ከክፍላችን ቦታ ያገኘነው ጥቂቶች ስለሆንን እናቴ አውቶቡስ ላይ ለተዋወቀችው ሰው ሳይቀር «ልጄ ሆስፒታል ገባች» ትል ነበር፤ አንዳንዱም የታመምኩ መስሎት «ምሕረቱን ይላክላት» ይላታል። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፍኩት የሽንት ዕቃ ስደረድር ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ አዲስ አበባ የአንድ ትልቅ ላብራቶሪ ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ተሰደው መጡ፤ የምስክር ወረቀታቸውን የሚቀበል ጠፋና፣ ሲያዙበት በኖሩት ሙያ ናሙና ተቀባይ ሆኑ። ከየክፍሉ የሚመጣውን ደም መዝግበው ብልቃጡ ላይ መለያ ወረቀት ይለጥፋሉ። ማሽኑ የሚያነበው ደሙን የቀዱት ነርሶች ብልቃጡ ላይ በእጅ የጻፉትን ስም ሳይሆን ያንን ወረቀት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ያልገባኝን ሁሉ በእጅ መጥረጊያ ወረቀት ላይ እየሣሉ ያስረዱኛል። ሳበላሽ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው ይስቁና እንደገና ያሠሩኛል። ከዩኒቨርሲቲ መምህሮቼ ሁሉ የሚበልጡ አስተማሪ ነበሩ፤ ይህን ግን አንድ ቀን እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም።

አንድ ጠዋት ሥራ በዝቶ ሲጣደፉ የሁለት ሴቶችን መለያ አቀያይረው ለጠፉ። ብልቃጦቹን ስደረድር በእጅ የተጻፈው ስምና የተለጠፈው ስም አልገጥም አለኝ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ስህተት ያየ ሰው ምንም ሳይነካ ለኃላፊዋ ይናገራል፣ ቅጽም ይሞላል። በእኛ ቤት አስተዳደግ ግን ይህ አባቴን የሚያክሉ ሰው በልጅ አፍ ማስከሰስ ነው። እሳቸውኑ ጠርቼ «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» ማለት እንኳ ከበደኝ። ይሉኝታ ያሳደገኝ ልጅ ነኝ። ዞር እስኪሉ ጠብቄ ሁለቱንም ወረቀቶች ላጥኩና በየቦታቸው መልሼ ለጠፍኳቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ልቤ ሞቆ ዋለ።

አንደኛው ብልቃጥ ግን እኔ ወረቀቱን ከመቀየሬ በፊት በማሽኑ አልፎ ኖሯል። ውጤቱ በተሳሳተው ስም ወጥቶ፣ ምንም ያልነካት ሴት የሌላዋን መድኃኒት ልትወስድ ስትል አንዲት ነርስ ተጠራጥራ አስቆመች። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ኃላፊዋ ብልቃጡን አንስታ አገላበጠችው፤ የወረቀቱ ጠርዝ ተሸብሽቧል።

ሁለታችንን ቢሮዋ ጠራችን። «ወረቀት ማቀያየር ማንንም ያጋጥማል፤ ለዚያ መልሰን እናሠለጥናለን» አለች። «ልጦ መደበቅ ግን ከሥራ ያስወጣል። ማን ነው የላጠው?»

ጋሼ ነገሩን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴ ላይ ሁሉም ነገር ተጽፎ ነበር መሰለኝ፣ ብዙም ሳይቆዩ ፊታቸውን ወደ ኃላፊዋ መለሱ። «እኔ ነኝ» አሉ፣ በዚያ ቃል እየመረጡ በሚናገሩት እንግሊዝኛ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። መዝገቤ ግማሹ ገና አልተፈረመም፤ ያሰብኩት እሱን ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም። ከዚያ በኋላማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። እሳቸው በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበቱ፤ ለእኔ ስለ ሐቀኝነት በሚጠይቀው ገጽ ላይ ተፈረመልኝ። ራሴን ተጸየፍኩ፤ መዝገቡን ግን በጥንቃቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሁለት ወር ያህል እንዳለፈ እናቴ ወሬውን ሰማች። ሥራ ያጣን ሰው ሄዶ መጠየቅ ወግ ነው ብላ፣ ሰበብ ብደረድርም እዚያው ሰሜን ለንደን፣ ኤድመንተን ሰፈር ቤታቸው ድረስ ወሰደችኝ። ጋሼ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሳት ጀምረው ወገባቸውን ታመዋል፤ ሶፋው ላይ ትራስ ደግፈው ተቀምጠው ነበር። ለሰላምታ ሊነሱ ሲሞክሩ ሮጬ ከለከልኳቸው።

ባለቤታቸው ምግብ ከማቅረባቸው በፊት አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አንቺ መቼም እዛው ነሽ። ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ ያደረጉት? አፒል አድርግ፣ ይግባኝ በል ብዬ ለምኜው እምቢ አለ። ያሰናበቱበትን ሌተር እንኳ አያሳየኝም። ሠላሳ ዓመት ስንኖር የደበቀኝ ነገር የለም። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ሰርቆ ይሆን እንዴ እያልኩ።»

ጋሼ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አላነሱም። እናቴ መልሴን ለመስማት ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«አላውቅም እትዬ» አልኩ።

«ተያት እንጂ፣ ተማሪ ምን ታውቃለች» አሉ ጋሼ፣ ሳይዞሩ። «ከሥራ ነው የመጣችው። ምግብ ስጫት።»

ተሰጠኝ። በላሁ።