ደም ሰጪ ሞልቶ ሳለ

የተወለድኩት ዛሬ አዋላጅ ሆኜ በምሠራበት ሆስፒታል ነው። አባቴ በጎልማሳነቱ ለግንባታው ድንጋይ ከጠረቡት የላስታ ሰዎች አንዱ ነበር። በበሩ ባለፍን ቁጥር "የኛ ቤት ነው" ይለኝ ነበር። ሕመምተኛ ከሩቁ ኮን ድረስ በቃሬዛ መጥቶ በእግሩ ሲመለስ እያየሁ ነው ያደግኩት።

በጦርነቱ ወቅት ግን መንገዱ ተዘጋ። መብራት ጠፋ፤ መድኃኒት የሚያመጣው መኪናም ቀረ። ከባልደረቦቼ ብዙዎቹ ቤተሰባቸውን ይዘው ሄዱ። የቀረነው ጥቂቶች ጓንት እያጠብን መሥራት ያዝን።

አንድ ቀን ጠዋት ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ማዶ ምጥ የጠናባትን ሴት ጎረቤቶቿ ተሸክመው አመጡ። አማቷ አብረው መጥተዋል።

"እንደ ልጄ ናት። አደራሽን" አሉኝ።

ስመረምራት ጽንሱ ተጋድሟል። ያለ ቀዶ ሕክምና የሚወለድ አልነበረም። አብሮን የቀረውን ሐኪም ጠራሁት።

"ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም፤ በመስኮቱ ብርሃን እንሥራ" አለ።

አልጋውን ወደ መስኮቱ ገፋነው። በተረፈን ማደንዘዣ ከወገቧ በታች አደነዘዛትና ቀዶ ሕክምናውን ጀመረ። ልጅቷ ወጥታ አለቀሰች። እናቲቱም ነቅታ ስለነበር ልቅሶውን ሰምታ ፈገግ አለች። ማህፀኗ ግን አልሰበሰብ አለ፤ ደሙ ይፈሳል። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ፤ ለሰዎቿ እንድነግር መፈለጉ ገባኝ።

ወደ ውጭ ወጣሁ። ተሸክመው ያመጧት ሰዎች ፊቴን ሲያዩ ተነሡ።

"ብዙ ደም እየፈሰሳት ነው" አልኩ።

ወዲያው እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ለራሳቸው ሕመም የመጡ አንድ ሽማግሌ ቄስ ሳይቀሩ ጋቢያቸውን አውርደው ክንዳቸውን ዘረጉ።

"ከኔ ውሰጂ፣ ልጄ።"

"የደም መቅጃው ከረጢት አልቋል፣ አባ።"

"በሌላ ዕቃስ?"

"አይሆንም፤ ይረጋል፤ ይበከላል።"

ክንዳቸውን ግን አላጠፉም። ሌሎቹም እጅጌያቸውን እንደጠቀለሉ ቆመው ቀሩ።

ስመለስ ሴትዮዋ ከንፈሯ ነጥቷል።

"ለምን ዝም አላችሁ?" አለችኝ።

"እየሰፋንሽ ነው" አልኳት። እጇን ያዝኩ። እጄ ውስጥ ሳለ ቀዘቀዘ።

ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት የከተማው ሰው ስለ ሆስፒታሉ ወደፊት እንዲመክር ተጠራ። ሊሠራ የታሰበው አዲስ ሕንፃ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ብዙ ተጨበጨበ። አማቲቱ ሕፃኗን አዝለው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ተነሡና ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ሕንፃው ደግ ነው። መንገድ ሲዘጋ ግን ውስጡ ምን ይኖራል?"

ሰብሳቢው "ወደፊት የሚታይ ነው" አለና ወደ ሌላ ጉዳይ ዞረ። አባቴ አጠገቤ ነበር። አንገቱን እንደደፋ ስብሰባው አለቀ።

ሐኪሙ ትንሽ ቆይቶ ወደ ደሴ ተዛወረ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ዳግም መሥራት እንደማይችል ነገረኝ። አትሂድ ብዬ አልለመንኩትም። በቦታው እስከ ዛሬ የተተካ ሰው የለም፤ መንገዱም እየተከፈተ መልሶ ይዘጋል።

ነፍሰ ጡሮች ለክትትል ሲመጡ፣ ምጡ ሲጀምራቸው ወዴት እንደሚሄዱ ይጠይቁኛል።

"እዚሁ ኑ" እላቸዋለሁ። ሌላ የምልካቸው ቦታ የለኝም።