የብስክሌቱን መሪ ያለበስንበት ቅዳሜ

ጅዳ በኖርኩባቸው ዓመታት የሳምንቱ ሥራዬ የሰው ችግር መስማት ነበር። ከአገር ቤት ለቤት ሠራተኝነት የሚመጡ ሴቶች በየአውሮፕላኑ ይወርዱ ነበር፤ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ያልወጣላት፣ ፓስፖርቷ ካፊሉ፣ ያስመጣት አሠሪ፣ ጋ የቀረባት፣ ወደ ቤተሰቦቿ መደወል የተከለከለች፣ እያንዳንዷ የሚነገር ነገር ነበራት። እሰማለሁ፣ አጣራለሁ፣ እጽፋለሁ። ቅዳሜ ግን መቅረጫዬን ቤት ትቼ ብስክሌት እነዳ ነበር።

ከባሕራ ወደ ሹመይሲ የሚወስድ የዱሮ መንገድ ቁራጭ አለ። አዲሱ አውራ ጎዳና ሲሠራ መኪና ተወው፤ ባንዱ ጫፍ የአፈር ክምር፣ በሌላው ጫፍ የሲሚንቶ ግንድ ተጋድሞበት ተዘጋ። አስፋልቱ ተሰነጣጥቆ በየስንጥቁ እሾህ በቅሏል። በግራ በኩል የከብት መኖ የሚዘራበት እርሻ፣ በቀኝ የግመል በረት አለ። የአውራ ጎዳናው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል እንጂ አንድም መኪና አያልፍም። ጠዋት ላይ የሚያጋጥም ነገር ቢኖር መሀል መንገድ የቆመ ግመል ነው።

መንገዱን ያሳየኝ ባሕራ ውስጥ የብስክሌት ጥገና ሱቅ ያለው ሰው ነው። የተወለደው መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ነው፤ አባቱ ከወሎ ለሐጅ መጥቶ በዚያው የቀረ ነበር። አማርኛውን ያገኘው ከእናቱ ስለሆነ የቤት አማርኛ ነው፤ ወደ ሥራና ወደ ወረቀት ወሬ ሲገባ ሳያውቀው ወደ ዓረብኛ ይዞራል። እኔንም በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ በሙያዬ «ሰሐፊ»፣ ጋዜጠኛ፣ ይለኛል። አንድ ሕግ ነበረው፤ ሄልሜትና ጓንት የሌለው ሰው ከእሱ ጋር አይነዳም። ለሚከራከረው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «እኔ ሳይክል ነው የምጠግነው፤ ጭንቅላት አልጠግንም፣ ኸላስ።»

የዘመዱ ልጅ የሆነች ወጣት ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከደሴ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች ናት፤ በአገር ቤቱ ልማድ «አጎቴ» ትለዋለች። ኮንትራቷ አልቆ የመውጫ ቪዛዋ ተመትቶላታል፤ ሰኞ ትበራለች። ከምትሠራበት ቤት መካ ቅርብ ነው፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። እሷ ግን እስከዚያ ቀን ዑምራ፣ በማንኛውም ጊዜ የሚደረገውን ትንሹን የመካ ጉዞ፣ አላደረገችም። ማዳሟ ክፉ ሴት አልነበረችም። ልጅቷ በጠየቀቻት ቁጥር «ኢንሻአላህ» ትላታለች፤ ከዚያ ረመዳን ያልፋል፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ እንግዳ ይመጣል። በመጨረሻ ቅዳሜን ፈቀደችላት። ማታ በቤቱ ትልቅ ግብዣ ስላለ መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መመለስ አለባት፤ እሑድ ደግሞ ሻንጣ ማሸጊያ ነው። ቅዳሜ ካመለጣት፣ መካ ደጃፍ ኖራ ካዕባን ሳታይ አገሯ መግባቷ ነው።

አጎቷ በፒክአፑ ሊወስዳት አስቦ ነበር። በስልክ ያለችውን የነገረኝ እሱ ነው። የማዳሟን ትንሽ ልጅ ብስክሌት ስታስተምር እሷም ለምዳለች፤ የነዳችው ግን በግቢው ውስጥ ብቻ ነው። ከበሩ እስከ ውሃ ታንከሩ፣ ከታንከሩ እስከ በሩ፣ በግንቡ ዙሪያ። «አጎቴ፣ ቀጥ ብዬ ነድቼ አላውቅም» አለችው። ያን ሰሞን በጅዳ ኮርኒሽ፣ በባሕር ዳሩ መንገድ፣ ሴቶች ሲነዱ መታየት ጀምረው ነበር፤ እሷም ያየቻቸው በመኪና መስኮት ነው። ስለዚህ ተስማሙ፤ ከባሕራ እስከ ሹመይሲ፣ የሐረሙ፣ የተቀደሰው የመካ ምድር፣ ክልል እስከሚጀምርበት ድረስ ትነዳለች፤ ከሱቁ ሠራተኞች አንዱ ፒክአፑን በዋናው መንገድ አዙሮ እዚያ ይጠብቀናል።

ቅዳሜ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ከቤቷ በር ላይ ይዘናት ባሕራ ደረስን። አጎቷ ሄልሜቱን ከሒጃቧ በላይ አጥልቆላት ማሰሪያውን አጠበቀ። ከዚያ አዲስ ጓንት አወጣ። እጇን ሰበሰበች።

«ኒያ አድርጌያለሁ እኮ» አለች።

ለማያውቅ ላስረዳ። ዑምራ ለማድረግ ነይታ፣ በልቧ አስባ፣ ኢሕራም ወደሚባለው የተቀደሰ ሁኔታ የገባች ሴት ጓንት አታደርግም፣ ኒቃብም አትለብስም። ወንድ ደግሞ ራሱን አይሸፍንም፤ የሚለብሰውም እነሱም ኢሕራም የሚባሉ ሁለት ያልተሰፉ ነጭ ጨርቆች ናቸው። የሚነየተውም ዑምራው ከታሰበበት ቦታ ነው።

«የት ነው ያደረግሽው?» አላት አጎቷ።

«ከቤት ስወጣ። አንተስ ብትሆን ሄልሜት ይፈቀድልሃል?»

«እኔ ገና ምንም አላሰብኩም። የወጣሁት ሳይክል ልነዳ ነው።»

«መኪናው ላይ ኢሕራምህ ተጣጥፎ አይቼዋለሁ።»

«ፎጣ ነው።»

«ሁለት ፎጣ?»

«ሹመይሲ ስደርስ ሐሳብ ሊመጣልኝ ይችላል። ያኔ እነይታለሁ። ሰሐፊ፣ ይችን እንዳትጽፍ።»

በኋላ እንድጽፋት ፈቅዶልኛል።

መንዳት ስትጀምር ብስክሌቷ ወደ ግራ ይጎትታት ነበር። መሪው የተጣመመ መስሎኝ ወርጄ አየሁት፤ ደህና ነው። የሚጎትታት ልማዷ ነበር፤ በግቢው ሁልጊዜ የምትዞረው ወደ ግራ ስለሆነ ትከሻዋ ሳታውቀው ያዘነብላል። ሦስት ጊዜ እርሻው አጥር ዘንድ ደረሰች።

«ታንከሩ እዚህ የለም» ይላታል አጎቷ ከኋላ። «ምን ፍለጋ ነው የምትዞሪው? ቀጥ በይ፣ ያላ።»

«አንተ ካልጮህክብኝ እሄዳለሁ።»

እሱ ዝም ሲል እውነትም ሄደች። ዓይኗን ከፊት ጎማው አንስታ ሩቅ ማየት ስትጀምር ትከሻዋም ተስተካከለ። ጥቁር ዓባያዋን ካቴናው እንዳይበላው በላስቲክ ጠፍራዋለች። አልፋኝ ስትሄድ የምትለው ነገር ይሰማኝ ነበር፤ ለበይክ ትላለች፣ ወደ መካ የሚሄድ ሰው የሚለውን፣ ቀስ ብላ፣ ከፔዳሉ ጋር።

የወደቀችው ከግመሉ በረት አልፈን ነው። ነፋስ አስፋልቱ ላይ ያከማቸው አሸዋ ውስጥ የፊት ጎማዋ ገባና በሁለት እጇ መዳፍ አረፈች። ጭንቅላቷም ጉልበቷም ምንም አልሆነም። መዳፎቿ ግን በበረኪናው በክሎሮክስ የተሰነጣጠቁ ስለነበሩ ቶሎ ደሙ። አጎቷ ብስክሌቱን ጥሎ ሮጠ፤ እጇን በውሃ አጠበና የራሱን ጓንት አውልቆ አጠለቀላት። ኢሕራሟን አንድም ሰው ያሰበ አልነበረም፤ እኔም ቆሜ አይቻለሁ። ተነስታ ነዳች። ትንሽ እንደሄደች ፍሬን ያዘች።

«አጎቴ፣ ጓንት አደረግክብኝ።»

አወለቀችውና መንገዱ ላይ ተቀመጠች። በቁስሉ አላለቀሰችም፤ አሁን ግን ድምጿ ተሰበረ። «ተበላሸብኝ? ሰኞ እኮ ነው የምሄደው።»

የሄልሜቱ ባለ ሕግ ስልኩን አወጣ። ዑተይቢያ ወዳሉት እናቱ ደወለ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአገር ቤት የሚመጡ ሴቶችን ዑምራ ሲያስደርጉ የኖሩ ናቸው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁላችንም ሰማን።

«ረስታ ነው ወይስ አውቃ?»

«እኔ ነኝ ያጠለቅኩላት፣ እማዬ። ደንግጬ።»

«አሁን አውልቃለች?»

«አውልቃለች።»

«የኔ ልጅ፣ ምንም የለብሽም። አላህ ይማረኝ በይና መንገድሽን ቀጥዪ። ያንን ሽማግሌ ልጄን ለእኔ ተዪው።»

በኋላ ሌሎች ሁለት የሚያውቁ ሰዎች ጠይቄአለሁ። አንዱ እንደ እሳቸው መለሰልኝ፤ ሌላው ለጥንቃቄ ድሃ ብታበላ ጥሩ ነው አለ። ልጅቷ ምሕረቱንም ለመነች፣ ድሃም አበላች።

ቀሪው ችግር የእጇ ነበር። የመሪው መያዣ ላስቲክ ያረጀና ሻካራ ስለሆነ በባዶ መዳፍ መያዝ አልቻለችም። በእግር እንሂድ ብንል ፀሐዩ እየከረረ ነው፤ ካዕባን የመዞሩ ጠዋፍም፣ በሁለቱ ኮረብቶች መሀል የመመላለሱ ሰዕይም ተደርጎ ለመግሪብ ጅዳ መመለስ አለባት። ፒክአፑን እንጥራ አልኩ። አጎቷ የተዘጋውን መንገድ በእጁ አሳየኝ፤ ከየት ይገባል? ከዚያ ከአንገቱ ላይ ቀይና ነጭ ሽማጉን ፈታ፣ ለሁለት ቀደደው፣ በመሪው ግራና ቀኝ ደጋግሞ ጠመጠመና በላስቲክ አሰረው።

«እጅሽ ካልለበሰ መሪው ይልበስ።»

«ይሄስ ይፈቀዳል?»

«ሳይክሉ አልነየተም።»

ሳቀች። ፍሬኖቹ በደንብ መያዛቸውን እኔ አየሁ፤ ከዚያ ነዳች። እስከ ሲሚንቶው ግንድ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ግራ አልሄደችም። እዚያ ስንደርስ አጎቷ ፒክአፑ ጀርባ ገብቶ ሁለቱን ፎጣዎች ለብሶ፣ ሄልሜቱን አውልቆ ወጣ።

«ሐሳብ መጣልህ?» አለችው።

«ድንገት» አላት።

ስለ ሐረሙ መስጊድ ብዙ አልጽፍም፤ ያ የእሷ ነው። የአጎቷ እናት በር ላይ ጠብቀው ከእሷ ጋር ዞሩ፤ ሰዕዩ ሲያልቅ በትንሽ መቀስ ከፀጉሯ ጫፍ የጣት አንጓ ያህል ቆረጡላት። ያን ጊዜ ዑምራዋ ሞላ። መዳፏን ገልብጠው አይተው ልጃቸውን ተቆጡት፤ እሱም በወንዶቹ ደንብ ራሱን ተላጭቶ ቆሞ እንደ ሕፃን ሰማ።

ጅዳ በሯ ላይ ስንደርስ የመግሪብ አዛን እየተጀመረ ነበር። ማዳሟ ደጅ ቆማለች። ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ የልጅቷን እጆች አየች። አንድ እጇን ይዛ ወደ መብራቱ ጠጋ አደረገችው። «ተቀበለላህ» አለቻት፣ አላህ ይቀበልሽ ስትል፤ «ዛሬ ሳህን አትንኪ።» የዚያን ምሽት ሳህኑን ማን እንዳጠበ አላውቅም፤ አላጣራሁም።

የማዳሟ ትንሽ ልጅ ከእናቷ ጀርባ ብቅ አለች። «ዱግሪ?» ብላ ጠየቀቻት፤ ቀጥ ብለሽ ነዳሽ ወይ ማለቷ ነው።

«ዱግሪ» አለቻት፤ እስከ መጨረሻው በሚል እጇን ወደፊት ዘርግታ። በሩ ተዘጋ።

አጎቷ ሞተሩን አስነሳ። የተላጨ ራሱን ዳበሰ።

«ሦስቴ እርሻው አጥር መድረሷን አልነገረቻትም» አለኝ።